ቀንና ሌሊት ሲተካከሉ ምስጋናው ለማን ነው?

በአላህ ስም እንጀምራለን። ምስጋና ሁሉ የእርሱ ነው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

በየዓመቱ መጋቢት 11 ገደማ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 20 አካባቢ፣ ፀሐይ በምድር ወገብ ትክክል ላይ ትውላለች። በዚያ ዕለት በዓለም ዙሪያ ቀንና ሌሊት ተቀራራቢ ርዝመት ይኖራቸዋል። አዲስ አበባ፣ ደሴ ወይም ጅማ ላደገ ሰው ዕለቱ እንደ ማንኛውም ቀን ያልፋል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ የዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ስቶክሆልም ላይ ግን በታኅሣሥ የቀኑ ብርሃን ስድስት ሰዓት ያህል ሲሆን በሰኔ ከአሥራ ስምንት ሰዓት ይበልጣል። በጨለማ ከቤት ወጥቶ በጨለማ የሚመለስ ሰው ብርሃን ሲመለስ ሰውነቱ ሳይቀር ይፈታል። የሰሜን ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ለዚህ የወቅት ለውጥ ልዩ ስሜት ቢኖራቸው አይገርምም።

ጥያቄው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ልጆቻችን በመጋቢት ከትምህርት ቤት ቀለም የተቀባ እንቁላል ይዘው ይመጣሉ። የሥራ ባልደረባ «ነገ የእኛ የፀደይ በዓል ነው፤ እሳት እናነዳለን፣ ብትመጡ ደስ ይለናል» ብሎ በቅንነት ይጋብዛል። በእኛ ቤቶች ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንደኛው «ሁሉም ሺርክ ነው፤ በሩን ዝጋ» ይላል። ሁለተኛው «የአየር ጠባይ ነው እንጂ ምን አለበት?» ይላል። ሁለቱም መልሶች ዋናውን ጥያቄ ሳይነኩ ያልፋሉ። ዋናው ጥያቄ «ይህ ደስታና ይህ ምስጋና የሚቀርበው ለማን ነው?» የሚል ነው።

በዓሉ በእርግጥ ምንድን ነው?

ፍርድ ከመስጠት በፊት ማወቅ ይቀድማል። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ራሳቸውን ፔጋን ብለው የሚጠሩ ሰዎች ይህን ዕለት በአብዛኛው «ኦስታራ» ይሉታል። ስሙ የተወሰደው ከአንድ የጥንት ጽሑፍ ነው። ቤድ የተባለው እንግሊዛዊ መነኩሴ በ725 ስለ ጊዜ አቆጣጠር በጻፈው መጽሐፍ፣ የቀድሞ አንግሎ ሳክሶኖች አንዱን የፀደይ ወር ኤኦስትሬ በተባለች አምላክ ስም ይጠሩ እንደነበር ይገልጻል። ከዚያ በ1835 ጀርመናዊው ያኮብ ግሪም ይህን ይዞ በጀርመን አገርም «ኦስታራ» የምትባል ተመሳሳይ አምላክ ሳትኖር አትቀርም የሚል ግምት አቀረበ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በብሪታንያ ጄራልድ ጋርድነር ያስተዋወቀው ዊካ የተባለ እምነት ሲስፋፋ ዓመቱ በስምንት በዓላት የተከፈለ መንኮራኩር ሆነ፤ ከስምንቱ አንዱ የፀደዩ ዕለት ነው። ኦስታራ የሚለውን ስም ለዚህ በዓል በ1970ዎቹ ያስለመደው ኤይደን ኬሊ የተባለ አሜሪካዊ ነው።

አከባበሩ እንደ ቡድኑ ይለያያል። አንዳንዱ በቤቱ መሠዊያ አዘጋጅቶ አበባ፣ እንቁላልና ዘር ያኖርበታል፣ ሻማ ያበራል፣ አማልክትን ይጠራል። በለንደን ታወር ሂል በተባለው ስፍራ ድሩይዶች ነጭ ልብስ ለብሰው ሥርዓት ይፈጽማሉ። በስቶንሄንጅ ጥንታዊ ድንጋዮች ዘንድ ሰዎች ጎህ ሲቀድ የፀሐይን መውጣት ይጠብቃሉ። በፖላንድ ደግሞ ማርዛና የምትባል የገለባ አሻንጉሊት ክረምትን ወክላ ትቃጠላለች ወይም ወንዝ ውስጥ ትጣላለች። ይህ ከጥንት የስላቭ እምነት የተረፈ ሲሆን ዛሬ ግን በአብዛኛው የመዋዕለ ሕፃናትና የትምህርት ቤት ጨዋታ ሆኗል።

እዚህ ላይ አንድ የአማና ጉዳይ አለ። በማኅበራዊ ሚዲያ የፋሲካው ጥንቸልና እንቁላል የኤኦስትሬ ምልክቶች እንደሆኑ፣ «ኢስተር» የሚለው ቃልም ከባቢሎኗ ኢሽታር እንደመጣ በእርግጠኝነት ይነገራል። ቤድ ስለ ጥንቸልም ስለ እንቁላልም አንድም ቃል አልጻፈም። የኢሽታሩ ነገር ደግሞ የድምፅ መመሳሰል ብቻ ነው። ሱረቱል ሑጁራት (49፡6) ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ያዘናል፤ ሱረቱል ማኢዳ (5፡8) ደግሞ ለአንድ ሕዝብ ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን ያስጠነቅቀናል። ስሕተት ነው በምንለው እምነት ላይም ቢሆን ሐሰት መመስከር አይፈቀድልንም። ተውሒድ እንዲቆም የተጋነነ ታሪክ አያስፈልገውም።

የምትጠልቅ ፀሐይ

ፀሐይን ማምለክ የሩቅ ሰዎች ታሪክ ብቻ አይደለም። ሱረቱ ነምል (27፡24) ስለ ሰበእ ንግሥትና ሕዝቧ ሲተርክ ከአላህ ሌላ ለፀሐይ ይሰግዱ እንደነበር ሁድሁድ የተባለችው ወፍ ለነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ) ያመጣችውን ዜና ይነግረናል። በቀይ ባሕር ማዶና ማዶ የነበረው እምነት የተያያዘ ነበር። በትግራይ የሓ ላይ እስከ ዛሬ የቆመው ቤተ መቅደስ የዚያ የደቡብ ዐረብ ሥልጣኔ አሻራ ነው። ከክርስትና በፊት የተሠሩት የአክሱም ሳንቲሞችም የክብ ሰሌዳና የግማሽ ጨረቃ ምልክት አለባቸው። ከዚያም ወዲህ በዋርካ ሥር ቡና አፍልቶ፣ ግንዱን ቅቤ ቀብቶ አድባርን የሚለማመን ሰው በሀገራችን መኖሩን የማያውቅ የለም። ስለዚህ «ፔጋን» ስንል ጣታችንን ወደ ፈረንጅ ብቻ ልንቀስር አይገባም።

ቁርኣን ለዚህ የሚሰጠው መልስ ስድብ አይደለም፤ የሚያስተምረው በማስተዋል መንገድ ነው። በሱረቱል አንዓም (6፡76-79) ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ኮከብን፣ ከዚያ ጨረቃን፣ ከዚያ ከሁሉም የምትበልጠውን ፀሐይን ይመለከታሉ፤ ሁሉም በየተራ ሲጠልቁ ልባቸው ወደ ፈጣሪያቸው ይዞራል። ክርክሩ አጭር ነው፤ የሚጠልቅ ነገር ጌታ ሊሆን አይችልም። የመጋቢቱ ዕለት ራሱ ይህንኑ ይመሰክራል። በዚያ ዕለት ብርሃን በጨለማ ላይ ድል አደረገ ተብሎ ይከበራል። ግን ድሉ የሚቆየው ስድስት ወር ብቻ ነው፤ በመስከረም ሚዛኑ ተገልብጦ ጨለማው ማሸነፍ ይጀምራል። በየዓመቱ አንዴ የሚያሸንፍና አንዴ የሚሸነፍ ነገር የታዘዘ እንጂ አዛዥ አይደለም።

ሸሪዓ በዚህ ላይ ምን ያህል እንደሚጠነቀቅ ተመልከቱ። የሰላታችን ሰዓት በፀሐይ ይለካል፤ ፈጅርም ዙህርም መግሪብም እርሷን ተከትለው ይገባሉ። ሆኖም ፀሐይ ብቅ ስትል፣ አናት ላይ ስትቆምና ስትጠልቅ ሰላት እንዳንሰግድ ተከልክለናል። በሐዲስ የተጠቀሰው አንዱ ምክንያት በመውጫዋና በመጥለቂያዋ ጊዜ የሚሰግዱላት ሰዎች መኖራቸው ነው። ፀሐይ ለእኛ ሰዓት ናት፤ መመሳሰሉ እንኳን እንዳይኖር በሩ ተዘግቷል። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ኢብራሂም በሞተ ዕለት ፀሐይ ስትጋረድ ሰዎች «ለእርሱ ሞት አዝና ነው» አሉ። ልጁን የቀበረ አባት ይህን ቃል ዝም ብሎ ቢሰማው ማን ይወቅሰው ነበር? እርሳቸው ግን ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች ሁለቱ እንደሆኑ፣ ለማንም ሞትም ሆነ ሕይወት እንደማይጋረዱ ተናገሩ። በኀዘናቸው ሰዓት እንኳ ተውሒድን አስቀደሙ።

በዓሎቻችንም ከወቅት ጋር አልታሰሩም። የጃሂሊያ ዐረቦች ወራትን ያዘዋውሩ ነበር፤ ቁርኣን ይህን በሱረቱ ተውባ (9፡37) አወገዘ። የሂጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያንስ ረመዳን በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል። በ2023 ረመዳን የገባው ማርች 23 ላይ፣ ቀንና ሌሊት ከተካከሉ ከሦስት ቀን በኋላ ነበር። በ2030 ደግሞ በጃንዋሪ መጀመሪያና በዲሴምበር መጨረሻ ሁለት ጊዜ ይገባል። በዚህ ውስጥ ጥበብ አለ። በስቶክሆልም ፀደይ የሚሆነው የመጋቢት ዕለት በሜልበርን መኸር ነው፤ በአውስትራሊያ ያሉ ፔጋኖች ኦስታራን ወደ ሴፕቴምበር የሚያዞሩት ለዚህ ነው። ለዓለማት ሁሉ የተላከ ሃይማኖት በዓሉን በአንድ ንፍቀ ክበብ አበባ ላይ አይሰቅልም። የእኛ ዒድ የሚከተለው የዒባዳን ፍጻሜ ነው፤ አንዱ ጾምን፣ ሌላው ሐጅን።

ሥሩ የጣዖት የሆነ ሁሉ ሐራም ነውን?

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። አንዳንድ ወንድሞች አንድ ነገር ከጣዖት አምልኮ መምጣቱ ከተረጋገጠ በቃ፣ ነገሩ አለቀ ይላሉ። እንዲህ ከሆነ መስጊዶቻችን በር ላይ የጁምዓን ሰዓት በእንግሊዝኛ የምንለጥፈውን ማስታወቂያ ምን እናድርገው? «ፍራይደይ» የሚለው ቃል ፍሪግ ከምትባል የጀርመናውያን አምላክ ስም የመጣ ነው። «ማርች»ም የሮማውያን የጦርነት አምላክ የማርስ ወር ማለት ነው። ይህን ቃል የሚጽፍ ሙስሊም ግን ማንንም እያመለከ አይደለም። ሥሩ ደርቋል፤ የቀረው ስም ብቻ ነው።

ቁርኣን ራሱ በዚህ ላይ ምሳሌ ሰጥቶናል። በጃሂሊያ ዘመን በሶፋና በመርዋ ላይ ጣዖታት ነበሩ። ሙስሊሞች በዚያ ምክንያት በሁለቱ መካከል መመላለስ ሲከብዳቸው፣ ሱረቱል በቀራ (2፡158) ሁለቱ ከአላህ ምልክቶች እንደሆኑና በመካከላቸው መዞር ኀጢአት እንደሌለበት ተናገረ። ጣዖት ስለቆመበት ኮረብታው የጣዖት አልሆነም። ምድርም፣ ፀደይም፣ ዘርም፣ እንቁላልም እንዲሁ ናቸው፤ ባለቤታቸው አንድ ነው፤ ማንም ሰው ለጣዖት ስላቀረባቸው ከባለቤታቸው አይወሰዱም።

ግን ሌላው ወገንም አይቸኩል። አንድ ሶሓባ ቡዋና በተባለ ስፍራ ግመል ለማረድ ተስለው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በጠየቁ ጊዜ፣ ነቢያችን መጀመሪያ ያጣሩት ሁለት ነገር ነው፤ በስፍራው ይመለክ የነበረ ጣዖት ነበረን? የጃሂሊያ ሰዎች በዓላቸውን ያከብሩበት ነበርን? አለመኖሩን ሲሰሙ ስለታቸውን እንዲያደርሱ ፈቀዱላቸው። ሐዲሱ በአቡ ዳውድ ተዘግቧል። መዲና በገቡ ጊዜም ሕዝቡ የሚጫወትባቸው ሁለት የቀድሞ ቀናት ነበሩት፤ አላህ በእነርሱ ፋንታ የተሻሉ ሁለት ቀናት፣ ዒደል ፊጥርንና ዒደል አድሓን እንደሰጣቸው ነገሯቸው። ስለዚህ ሥር ምንም አይደለም ማለት አይቻልም። ሕያው ሥርና የደረቀ ሥር ግን አንድ አይደሉም።

ከእነዚህ ማስረጃዎች ሦስት ጥያቄዎችን ማውጣት እንችላለን።

አንደኛ፣ ድርጊቱ ለአንድ አካል የሚቀርብ ነውን? አምላክን መጥራት፣ ለፀሐይ ወይም ለምድር መሥዋዕት ማኖር፣ ከወቅቱ በረከት መለመን ዒባዳ ነው። እዚህ ላይ ክርክር የለም፤ ጨዋነትም ጉርብትናም አያስፈቅደውም።

ሁለተኛ፣ ዕለቱ በሕያው እምነት የተቀደሰ ነውን? የእኔ መገኘትስ ያንን እምነት መጋራት ነውን? የባልደረባችን የእሳት ሥርዓት በሥነ ሥርዓትነቱ የእምነቱ አካል ከሆነ ይቅርታ ጠይቆ መቅረት ተገቢ ነው። «ለግብዣው አመሰግናለሁ፤ እኛ በዓላችንን የምናከብረው በሌላ መንገድ ነው» ማለት ማንንም አይሰድብም። ሱረቱል አንዓም (6፡108) ከአላህ ሌላ የሚጠሯቸውን እንዳንሰድብ መከልከሉንም አንርሳ።

ሦስተኛ፣ ሁለቱ ሲነሱ ምን ይቀራል? ዘር መዝራት፣ ቤት ማጽዳት፣ ሜዳ ወጥቶ መናፈስ፣ እንቁላል ቀቅሎ መብላት ይቀራል። እነዚህ በማንኛውም ቀን ሐላል ናቸው። ስለዚህ ልጁ ዘር ተክሎ ቢመጣ መደናገጥ አያሻም፤ ዘሩን ያበቀለው ማን እንደሆነ ማስተማር ያሻል። በእነዚህ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያሉ ጉዳዮች ላይ፣ ለምሳሌ በትምህርት ቤት ጨዋታዎች ወይም ብዙ የኢራን፣ የመካከለኛው እስያና የኩርድ ሙስሊሞች በሚያከብሩት ኖውሩዝ ላይ፣ የዑለሞችን ቃል መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህ ጽሑፍ ፈትዋ አይደለም።

«ተፈጥሮን ማመስገን ምን ክፉ አለው?»

በዚህ ዘመን በተለይ ወጣቶቻችን የሚያነሱት ጥያቄ አለ። «ፔጋኖቹ ማንንም አልጎዱም፤ ምድርን ያከብራሉ፣ ብርሃንን ያመሰግናሉ። ይህ ከስግብግብነት አይሻልም?» ይላሉ። ጥያቄው ክብደት አለውና በግሳፄ ማለፍ ተገቢ አይደለም።

ምስጋና ምን እንደሆነ እንጠይቅ። እኛ የምናመሰግነው መስጠትም መንፈግም የሚችል ሰው ሲሰጠን ነው። ጎረቤታችን ወጥ ሲልክልን እናመሰግነዋለን፤ ወጡን የያዘውን ሳሕን አናመሰግንም። ሳሕኑን ማመስገን ሳሕኑን አያከብረውም፤ ላኪውን ግን ያስረሳል። ፀሐይ ብርሃኗን ልትከለክለን አትችልም፤ መስጠቷንም አታውቅም። ለእርሷ የቀረበ ምስጋና የሚሰማው የለም። ሱረቱ ፉሲለት (41፡37) ለፀሐይና ለጨረቃ ሳይሆን ለፈጠራቸው እንድንሰግድ ሲያዘን ፀሐይን እያዋረደ አይደለም፤ ምስጋናውን ወደ አድራሻው እየመለሰ ነው። ምድርን መጠበቅም ቢሆን ከተውሒድ ጋር ይጸናል፤ የአማና ዕቃ የሚጠበቀው ባለቤቱ ስለሚጠይቅ ነው።

ይሁንና ከጥያቄው ውስጥ ለእኛ የሚደርስ ወቀሳ አለ። በስቶንሄንጅ በብርድ ቆሞ ጎህን የሚጠብቀው ሰው አድራሻውን ስቷል፤ ምልክቱን ግን አይቷል። እኛስ? አድራሻውን እናውቃለን፤ ጎህ ሲቀድ ግን ስንቶቻችን ነቅተናል? በክረምት እዚህ አገር ፈጅር ዘግይቶ ስለሚገባ መነሣት ቀላል ነው። መጋቢት ሲገባ ግን ከቀን ወደ ቀን ሰዓቱ ይቀድመናል። የሌሊትና የቀን መተካካት ለአስተዋዮች ምልክት እንደሆነ በሱረቱ ኣሊ ዒምራን (3፡190-191) እናነባለን፤ ምልክቱ ሲመጣ ግን ስልካችን ላይ ሰዓት ከመቀየር በቀር የምናደርገው የለም። የሌላውን ስሑት ንቃት በእኛ ትክክለኛ እንቅልፍ ልንሟገተው አንችልም።

በክልከላ ፋንታ ምን እንስጥ?

ልጅን «ሐራም ነው» ብሎ ብቻ መተው ተርቢያ አይደለም። የመዲና ሰዎች ሁለት ቀናቸው በባዶ አልተነጠቀም፤ የተሻለ ተተክቶላቸዋል። እኛም ለልጆቻችን የምንሰጠው ነገር ሞልቶናል። በመጋቢቱ ዕለት አካባቢ ፀሐይ በየትም አገር ትክክል በምሥራቅ ወጥታ ትክክል በምዕራብ ትጠልቃለች። ከፈጅር በኋላ ልጆችን ይዞ ወጥቶ አቅጣጫን ማሳየት፣ ከዚያም ቂብላችን ከምሥራቅ ወዴት እንደሚያዘነብል ማስላት የማይረሱት ትምህርት ይሆናል። በሰገነት ላይ ባለች ትንሽ ማሰሮም ቢሆን ዘር ይዝሩ፤ ሙስሊም ከተከለው ወፍ ወይም ሰው ወይም እንስሳ ቢበላ ሶደቃ እንደሚሆንለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል።

ደስታችን ከእርሳቸው ደስታ ይመንጭ። ዝናብ ሲወርድ ልብሳቸውን ገለጥ አድርገው ሰውነታቸውን ያስነኩት ነበር፤ ለምን ሲባሉም ገና ከጌታው ዘንድ መምጣቱ ስለሆነ ነው አሉ። ሰዎች የዓመቱን የመጀመሪያ ፍሬ ሲያመጡላቸው ደግሞ ተቀብለው ለፍሬው፣ ለከተማውና ለመስፈሪያው በረከትን ዱዓ ያደርጉ ነበር። ከዚያ በዙሪያቸው ካሉት ልጆች ትንሹን ጠርተው ፍሬውን ይሰጡታል። ሐዲሶቹ በሙስሊም ተዘግበዋል። በዚህ ውስጥ የወቅቱ ደስታም አለ፣ ምስጋናም አለ፣ ልጅም አልተረሳም፤ መሠዊያ ግን የለም። ዘንድሮ ገበያ ላይ የመጀመሪያው እንጆሪ ሲወጣ እኛም ገዝተን፣ ዱዓ አድርገን፣ ከቤታችን ትንሹ ልጅ እጅ ላይ እናኑረው። ከማን እንደመጣም አብረን እንንገረው።

አላህ ምልክቶቹን አይተው ከሚያመሰግኑት ያድርገን፤ ልጆቻችንንም በተውሒድ ላይ ያጽናልን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።